የትኛው ጠመንጃ ለደን ውስጥ አደን? የብሪታንያ ገበሬዎች ዋላን የሚቆጣጠሩበት አሠራር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ርዕስ ላይ እንድናገር ሲጠይቀኝ ምክንያቱንም ነግሮኛል። ደን የሚያለሙ አባል ማኅበራት ችግኛቸውን ድኩላ እየቀነጠሰባቸው፣ በቆሏቸውን ከርከሮና ዝንጀሮ እያወደመባቸው በመቸገራቸው፣ «ፈረንጆቹ ደናቸውን በጠመንጃ ነው የሚጠብቁት፤ ለእኛስ የትኛው ጠመንጃ ይሻለናል?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ያነሳሉ። በደን ሥራ ምክንያት ብሪታንያ ውስጥ የቆየሁበት ጊዜ ስላለ ስለ እነሱ አሠራር የማውቀውን ላካፍላችሁ። የእኛን ጉዳይ መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። በመዝሙረ ዳዊት ስሙን የምንሰማው ዋላ በአገራችን የለም። በአፍሪካ ምድር የዱር ዋላ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ነው። እኛ አጋዘን፣ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላ የምንላቸው በዘር ከከብትና ከፍየል ጋር የሚዛመዱ ናቸው፤ ቀንዳቸውም ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። ወንዱ ዋላ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና አዲስ ያበቅላል። ብሪታንያ ውስጥ ስድስት ዓይነት ዋላ አለ። ቀይ ዋላና ሮ የሚባለው ትንሹ ዋላ የአገሩ ናቸው። ፋሎ፣ ሲካ፣ ሙንትጃክና የቻይና የውኃ ዋላ የሚባሉትን ሰው ከሌላ አገር ያመጣቸው ናቸው። ሙንትጃክ 15 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ከፍየል ያነሰች እንስሳ ስትሆን፣ በደን ውስጥ በደንብ የተመገበ ወንድ ቀይ ዋላ ግን ከ150 ኪሎ በላይ ይሆናል። የጠመንጃ ምርጫውን ያከበደውም ይኸው የመጠን ልዩነት ነው።

ተኩላና ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት ከዚያ አገር ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሚበላው ስለሌለ ዋላው ተራብቷል፤ ዛሬ ቁጥሩ ሁለት ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ሮ የችግኙን ጫፍ ይቀነጥሳል፣ ቀይ ዋላ የዛፉን ቅርፊት ይልጣል፣ ወንዶቹም ቀንዳቸውን በለጋ ግንድ ላይ ይፈትጋሉ። ጫፉ የተቀነጠሰ ችግኝ ደግሞ ቀጥ ያለ ጣውላ አይወጣውም። ስለዚህ ባለ ደኑ ወይ በውድ ዋጋ ያጥራል፣ ወይ የዋላውን ቁጥር በአደን ይቀንሳል፣ ወይ ሁለቱንም ያደርጋል።

የኅብረት ሥራ ሰዎች ስለሆናችሁ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዋላ ድንበር አያውቅም። አንዱ ገበሬ በደኑ ውስጥ ቢቀንስ ከጎረቤቱ ደን ሌላው ይመጣበታል። ስለዚህ በብዙ አካባቢ አዋሳኝ ባለ መሬቶች የዋላ አስተዳደር ቡድን አቋቁመዋል። አብረው ይቆጥራሉ፤ በዓመት ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደሚታደን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይስማማሉ። ባለ መሬቱ ራሱ ተኳሽ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚተኩሰው ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያገኘ አዳኝ ነው።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። እኛ አገር ጠመንጃ የሚመዘነው በስሙና በአፈሙዙ ስፋት ነው፤ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ክላሽ እየተባለ። የአፈሙዝ ስፋት፣ በውጭ አጠራሩ ካሊበር፣ ብቻውን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የክላሽ አፈሙዝ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። የፈረንጅ አዳኞች «ሦስት መቶ ስምንት» የሚሉት ጥይትም እንዲሁ 7.62 ነው። የክላሽ ቀለህ ግን ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ308ቱ 51 ነው፤ የሚይዘው ባሩድም ይበልጣል። በዚህ ምክንያት የክላሽ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ሲሆን የ308ቱ 3,500 ገደማ ይደርሳል። የአባቶቻችን ውጅግራ ደግሞ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ አረሩ በዝግታ ስለሚሄድ በጉልበት ከ308ቱ ያንሳል።

የብሪታንያ ሕግ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ወስኖታል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የዋላ ሕግ፣ ካሊበሩ ከ0.240 ኢንች ማለትም ከ6.1 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ጉልበቱም ከ2,305 ጁል በታች እንዳይሆን ያዛል። አረሩም ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት መሆን አለበት። ለሙንትጃክና ለቻይና የውኃ ዋላ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2007 መለስ ያለ መጠን ተፈቅዷል። ስኮትላንድ የራሷ ደንብ አላት፤ እሱም የአረሩን ክብደትና ፍጥነት ጭምር ይወስናል። እዚያ አገር በክላሽ ዋላ የሚመታ ሰው ሕግ ይጥሳል ማለት ነው። ጉልበቱ ከተወሰነው በታች ነው፤ የወታደር አረሩ አይከፈትም፣ በስቶ ያልፋል፤ በራሱ የሚያጎርስ ከባድ ጠመንጃም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለግለሰብ ተከልክሏል። ይህን የምለው ክላሽ የያዘ ሰው ሁሉን ነገር የሚችል የሚመስለው ወገን በመካከላችን ስላለ ነው።

የሕጉ መነሻ ቁስል ነው። ደካማ ጥይት ወይም የማይከፈት አረር ያገኘው እንስሳ ወዲያው አይወድቅም፤ ቆስሎ ጥሻ ውስጥ ይገባል፣ ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል፣ ሥጋውም ይበላሻል። የታደነው ዋላ ሥጋ እዚያ ገበያ ላይ የሚሸጥ ምርት ነው። የቆሰለና የጠፋ እንስሳ ለባለ መሬቱ ኪሣራ፣ ለአዳኙም ነውር ነው።

ታዲያ ለሁሉም ዓይነት ዋላ የሚበቃ አንድ ጠመንጃ ቢባል የትኛው ነው? አዳኞቹ በዚህ ሲከራከሩ ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። በብዛት የሚነሱት አራት ናቸው። ባለ 243ቱ የ308ቱን ቀለህ አንገት አጥብቦ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ ነው። ትከሻ አይመታም፤ ለሮ ደኅና ነው። ነገር ግን አረሩ ቀላልና ፈጣን በመሆኑ በ50 እና በ60 ሜትር ርቀት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ብዙ ሥጋ ያበላሻል፤ ለትልቅ ቀይ ዋላ ደግሞ ሕጉ ቢፈቅደውም ስሕተትን የሚሸፍን ትርፍ ጉልበት የለውም። ባለ 270ው እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ያለ፣ ለገላጣ ተራራና ለረጅም ርቀት የተመቸ ነው፤ በደን ውስጥ ግን ከአንድ መቶ ሜትር በላይ የሚተኮስበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ፍጥነቱ ጥቅም የለውም፣ ጩኸቱም ይበዛል።

የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ስዊድንና ኖርዌይ በ1890ዎቹ ለሠራዊታቸው ያወጡት 6.5 በ55 ነው። ረዘም ያለ፣ ከባድ፣ ፍጥነቱም መካከለኛ የሆነ አረር አለው። ጠልቆ ይገባል፣ ሥጋ አያበላሽም፣ ሰደፉም ትከሻን በኃይል አይመታም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1952 ለገበያ የቀረበው 308 ነው። ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል፤ ለሮ የሚሆን ቀለል ያለ፣ ለቀይ ዋላ የሚሆን ከበድ ያለ አረር ይመረጥለታል፤ አጭር አፈሙዝም ይስማማዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥሻ ውስጥ ረጅም ጠመንጃ ከቅርንጫፍ ጋር ይጣላል፤ ጫፉ ላይ ድምፅ መቀነሻ ሲጨመርበትማ ጦር ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለደን 308ቱን እመርጣለሁ። ትከሻው የሚፈራ ሰው ግን 6.5 ቢይዝ ይሻለዋል፤ ምላጭ ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍን ተኳሽ የፈለገውን ያህል ጉልበት ያለው ጠመንጃ ቢይዝ ይስታልና።

አዳኞች ዘንድ የሚወራ አንድ ተረት አለ፤ ከባድ አረር ቅርንጫፍ እየቆረጠ ያልፋል ይላሉ። ሐሰት ነው። ከባዱም ቀላሉም ቅርንጫፍ ከነካ አቅጣጫውን ይስታል። መፍትሔው እንስሳው ወደ ገላጣ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ካልወጣም ሳይተኩሱ ወደ ቤት መመለስ ነው።

ከካሊበሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከእንስሳው ጀርባ ያለው ነው። ከእነዚህ ጠመንጃዎች የወጣ አረር ምንም ካላገኘው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በዚያ ርቀት ውስጥ መንገድ አለ፣ እረኛ አለ፣ ቤት አለ። ስለዚህ የደን አዳኝ ከማማ ላይ መተኮስ ይወዳል። አዎን፣ እናንተ በማሳችሁ ወፍና ዝንጀሮ የምትጠብቁበት ዓይነት ማማ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲተኮስ አረሩ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ፖሊስም ፈቃድ ሲሰጥ ይህን ያያል፤ መሬቱ ለዚያ ጠመንጃ የሚመች መሆኑን ይመረምራል፣ ካሊበሩንና ሊያዝ የሚችለውን የጥይት ብዛት ፈቃዱ ላይ ይጽፋል። ጠመንጃው ቤት ሲቀመጥ ተቆልፎ ነው፤ በተለምዶ በብረት ሣጥን ውስጥ።

በቅርብ ጊዜ የመጣ ሌላ ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥት ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ እርሳስ ያለባቸው የአደን ጥይቶች በሦስት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ውስጥ እንዲቀሩ መወሰኑን አስታውቋል። እርሳስ ሥጋ ውስጥ ተበታትኖ ሰውንም፣ የእንስሳውን ትርፍራፊ የሚበላ አሞራንም ይመርዛል። የሚተካው መዳብ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ በትንንሾቹ ካሊበሮች ላይ ይህ ያስቸግራል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ለትልልቆቹ ዋላዎች የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የአረር ክብደት ከ6.5 ግራም ወደ 5.2 ግራም ያወረደችው ለዚህ ነው። ዛሬ አዲስ ጠመንጃ የሚገዛ የዚያ አገር ሰው በመዳብ አረር ሞክሮ ሳያይ ባይገዛ ይሻላል፤ ይህም ምርጫውን ወደ መካከለኛዎቹ ካሊበሮች ያደላዋል።

ወደ እናንተ ጥያቄ ልመለስ። በእኛ አገር የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ይገድባል። ስለዚህ ማኅበር ተሰብስቦ «ጠመንጃ እንግዛ» ብሎ ቃለ ጉባዔ ቢጽፍ ቃለ ጉባዔው ዋጋ የለውም። የእኛ ችግርም ከእነሱ ይለያል። እነሱ ጠላታቸው የተራባ ዋላ ነው። የእኛ ድኩላ ግን በየቦታው ደኑ እየተመነጠረ መጠጊያ አጥቶ ወደ ችግኛችን የመጣ ነው። የደጋ አጋዘንማ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ እሱን ከከርከሮ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ ጠመንጃ ማንሳት አይገባም።

እኔ ማኅበራቱ ከጠመንጃው ቀድመው ቆጠራውን ቢጀምሩ እላለሁ። በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው እንስሳ፣ ስንት ችግኝ ወይም ስንት ኩንታል በቆሎ እንደ ጠፋ አንድ መዝገብ ይያዝ። አዋሳኝ ቀበሌዎች መዝገባቸውን በአንድ ላይ ያቅርቡ። አጥር፣ ማማና የጥበቃ ተራ በጋራ ይደራጅ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጉዳቱ ካልቆመ መዝገቡን ይዞ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል የዱር እንስሳት ጉዳይ ለሚመለከተው አካል ማመልከት ይቻላል። እዚህ ያላችሁ የወረዳ ኃላፊዎችም ማመልከቻው ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። በሕግ መሠረት ከርከሮ እንዲቀነስ ቢወሰን እንኳ የሚያስፈልገው ጠመንጃ በየቤቱ ያለ አይደለም፤ የሚመለከተው አካል የሚመድበው አንድ የሠለጠነ ሰው፣ አንድ መካከለኛ ካሊበር ያለው ጠመንጃ፣ የሚከፈት አረርና ከጀርባው መሬት ያለው ማማ ይበቃዋል።

ስለ መዝገቡ አያያዝ አንድ የናሙና ቅጽ አዘጋጅቼ ለዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ፤ የየማኅበራቱ ጸሐፊዎች ከምሳ በኋላ መውሰድ ትችላላችሁ።