የሰፈራችን ልጅና የድንጋዩ ትምህርት
(በአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰማ ንግግር)



የሰፈራችን ልጅ፣ የጂኦሎጂ ተማሪዋ፣ ክረምቱን ሙዚየም ውስጥ ለምርምር ልምምድ ተመድባለች። «ድንጋይ ምን ያበላል?» ያላችሁ አላችሁ። እኛም ጠይቀናት ያስረዳችንን እናካፍላችሁ።

ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ ዕድሜዋ አጥንቷ ላይ ተጽፎ አልነበረም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው እዚያው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው። አጥንት ቦታው ሳይመዘገብ ከተነሳ ግን ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ልጅቷም የምትማረው ይኸንኑ ምዝገባ ነው።

ልምምዱ ደመወዝ የለውም፤ ቤተሰቧም ችግር ስላለ ሱቅ ትቀጠር ብሏል። እኛ የሥራ አመራሮቹ የታክሲዋ ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈን ብለናል። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ እሑድ እጅ እናወጣለን፣ አትቅሩ።