ዝቅ ያሉት ሸቭሮሌቶች
ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ያገለገለ ሸቭሮሌት እየገዙ ዝቅ ያደርጉት ጀመር። አንዳንዱ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ይጭናል፤ ደፈር ያለው ሞላውን ይቆርጣል። ሌሎች ለፍጥነት ሲሽቀዳደሙ እነሱ በዝግታ መንሸራሸርን መረጡ።

ሞላ መቁረጥ ግን መዘዝ አለው። ያጠረ ሞላ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይመታል፣ የፊት እግር አቀማመጥ ይዛባና ጎማው በአንድ ጎን ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ካሊፎርኒያ የመኪናው አካል ከቸርኬው ታችኛው ጠርዝ እንዳይወርድ በሕግ ከለከለች።

መላው ከአውሮፕላን ተገኘ። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ የሳን በርናርዲኖ ወጣት የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ዕቃ ኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። በባትሪ የሚሠራው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ሲገፋው መኪናው ይነሳል፤ ዘይቱ ሲመለስ ይወርዳል። ፖሊስ ብቅ ሲል ማብሪያውን መጫን ነበር።

ከ1958 እስከ 1964 የተሠራው የሸቭሮሌት ኢምፓላ ለዚህ ተመራጭ ሆነ፤ በአራቱም እግሮቹ ያለው ሞላ እንጂ ባሌስትራ አይደለምና ሲሊንደር ለመግጠም ይመቻል።

ክልከላው የተሰረዘው በ2023 በወጣና ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በጸና የካሊፎርኒያ ሕግ ነው።