ከተወደደ መጽሐፍ የራስን መጽሐፍ ስለ ማውጣት
(በሆሳዕና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከእናንተ መካከል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጨርሶ፣ «በዛብህ ባይሞትስ ኖሮ?» ብሎ ብዕር ያላነሣ ጥቂት ይመስለኛል። በዛብህን አድኖ ከሰብለ ወንጌል ጋር ያጋባው፣ ጉዱ ካሣንም ሽማግሌ አድርጎ የላከለት አይጠፋም። ይህ በደብተር ሲቀር የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ደብተሩ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ድርሰትን ለውጦ የማውጣትን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ከሞቱም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው ዓመት ስለሆነ ገና ብዙ ይቀራል። የሰዎቹን ስም ለውጦ ማሳተምም መፍትሔ አይሆንም፤ ሌባ የሰረቀውን በሬ ቀለም ቢቀባው በሬው የእርሱ አይሆንም።

ታዲያ የቀደሙት እንዴት አደረጉ? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የጻፉት ከፈረንሳዩ ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ነው። ላ ፎንቴንም ራሱ ከኤዞፕ ወስዷል። ነገር ግን ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሲታይ፣ መኳንንቱ በእነዚያ አውሬዎች ውስጥ ያዩት የራሳቸውን ግቢ ነበር፤ ታገደም። (የተውሶ ተረት ይህን ያህል ካስቆጣ፣ የአገር ልጅ ሆኗል ማለት ነው።)

እንግዲህ ወደ ከተማችን እንመለስ። በዛብህን የሚያስረው ምንድን ነው? እናቱ ልጁ እንዲያድግላት ብላ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ስለት ነው። እርሱ ያልተዋዋለውን ውል ሲፈጽም ይኖራል። ልባችንን የነካው ይህ ነው።

አሁን ከሆሳዕና መናኸሪያ በማለዳ የሚነሣውን ወጣት ተመልከቱ። መንገዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። አባቱ በሬ ሸጧል፣ አጎቱ ተበድሯል፣ ታናናሾቹ እጁን ይጠብቃሉ። ልሂድ አልሂድ ብሎ እንዲመርጥ ምናልባት ማንም አልጠየቀውም። ይህም ስለት ነው፤ የተሰጠው ግን ለቤተሰብ ነው። ይህን ስትጽፉ ፊታውራሪ መሸሻ ከታሪኩ ራሳቸው ይወጣሉ፤ እዚህ ምንም ሥራ የላቸውም። በቦታቸው ደላላው ይገባል። ልጅቱም መመንኮስ አትችልም፤ እንሰት ፍቃ ቆጮውን ገበያ ማውጣት አለባትና። መጨረሻው ከሐዲስ መጨረሻ የሚለየው እናንተ ስለፈለጋችሁ ሳይሆን፣ አገሩ ሌላ ስለሆነ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላላነበበ ሰው ስጡት። «ይህ ሰው ማን ነው? ለምን ያሳዝነኛል?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ቀርቷልና ያንን ገጽ እንደገና ጻፉት።