ደብተር የያዘች ልጅና ፈረሰኞቹ

ዛሬ ስለ አንድ የፊልም ትዕይንት እናወራለን። የዘረሰናይ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ሊጠልፏት ይከቧታል። ሜዳው ወለል ያለ ነው፤ መሸሸጊያ የለም። አንጀት የሚበላውም ይኸው ነው፦ ተመልካቹ ምን እንደሚመጣ ገብቶታል፣ ሊደርስላት ግን አይችልም።

ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ተፈጽሟል። ልጅቷ ስታመልጥ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባም ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ደነገገ።