ብርሃን፣ መልእክትና የሰው ጤና



በሐዋሳ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ የነዋሪዋም አካል ለዕረፍት የሚሰናዳው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የኤል.ኢ.ዲ. መብራት በሰከንድ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊበራና ሊጠፋ ስለሚችል፣ ዓይን ሳያስተውለው መልእክት ያስተላልፋል፤ ይህንንም ፕሮፌሰር ሃራልድ ሃስ በ2011 እ.ኤ.አ. «ላይፋይ» ብለው አስተዋውቀዋል። ይሁን እንጂ በ480 ናኖሜትር አካባቢ የሚገኘው ሰማያዊ ጨረር ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ይገታል።

ስለዚህ በከተማይቱ ሆስፒታል ውስጥ በመረብ የተያያዘ መብራት ቢተከል፣ መልእክት እንዳይቋረጥ ሲባል ሕመምተኛው እንቅልፉን ሊነፈግ አይገባም። ሌሊት መልእክቱ በሽቦ ወይም በኢንፍራሬድ ይተላለፍ፤ የአልጋው ብርሃን ቀላ ብሎ ይደብዝዝ፤ የመድኃኒት ስም የምታነበው ተረኛ ነርስ ግን የራሷ በቂ መብራት ይኑራት።

መሐንዲሱ ንድፉን ሲፈርም በአልጋው ላይ ስላለው ሰው ዕረፍት መፈረሙን አይዘንጋ።