ለሐጅ ማረፊያ ተጨማሪ ብር መክፈል ተገቢ ነውን?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

የሐጅ ምዝገባ በመጣ ቁጥር ስለ ኢሕራም፣ ስለ ጠዋፍና ስለ ሰዕይ ብዙ ጥያቄ ይቀርብልናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ የራሱ ባብ የተከፈተለት አይደለም፤ ሆኖም በየቤቱ ባልና ሚስትን ሲያከራክር ያመሻል። ይኸውም «ለተሻለ ማረፊያ ብር እንጨምር ወይስ በተመደበልን እንሂድ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የደረሰን እዚሁ ኮላ ድባ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። አባወራው የእህል ነጋዴ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናታቸውን ይዘው ሐጅ ለመሄድ የሁለቱንም መደበኛ ክፍያ አሰናድተዋል። እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያለ ምርኩዝ ከቤት እስከ መስጊድ አይደርሱም። በዚህ መሃል አንድ ሰው መጥቶ «ለያንዳንዳችሁ 65 ሺህ ብር ብትጨምሩ ከሐረም አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ለሁለታችሁ ብቻ በሆነ ክፍል ታርፋላችሁ» አላቸው። አባወራው «እናቴን አላንገላታም፣ እከፍላለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ደግሞ «በዱቤ ሽምብራ ያስረከቡን ገበሬዎች ገንዘባቸውን እየጠበቁ አይደለም ወይ?» አሉ። ሁለቱም በቀና ልብ ነው የተናገሩት። ታዲያ የማን ሐሳብ ይያዝ?

ግዴታው ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አሊ ዒምራን 97ኛው አንቀጽ ሐጅን ግዴታ ያደረገው በቻለ ሰው ላይ ነው። ዑለማዎች ይህን «መቻል» ሲያብራሩ የጉዞውንና የስንቁን ወጪ ይጠቅሳሉ፤ ይህም ከዕዳና እስኪመለስ ድረስ ከቤተሰቡ ቀለብ የተረፈ መሆን አለበት ይላሉ። የሆቴል ደረጃ በዚህ ውስጥ የለም። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ያደሩ ሑጃጆችና የሐረሙን በር በመስኮት እያየ ያደረ ሰው ሐጃቸው አንድ ነው፤ ሩክኑ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ቡኻሪ እንደዘገቡት አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በተራ ኮርቻ ላይ ሆነው ሐጅ አድርገዋል። ዘጋቢው ታዲያ አነስ ንፉግ ሰው እንዳልነበሩ መግለጽ አስፈልጎታል። አነስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሐጅ ያደረጉት ጓዛቸውን በጫነችው ግመል ላይ ተቀምጠው እንደነበር ተናግረዋል። ለዕቃው አንድ፣ ለምቾት ሌላ አላዘጋጁም። ስለዚህ በመደበኛው ማረፊያ የሚሄድ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

የኛ አባቶችም እንዲሁ ነበሩ። በቀድሞው ዘመን ከጎንደር ተነስቶ በእግርና በበቅሎ ምጽዋ መውረድ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ ጅዳ መድረስ ነበር የሐጅ ጉዞ ማለት። ዛሬ ከአዘዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ሳዑዲ በሰዓታት ይደረሳል። መደበኛ የምንለው ጉዞ በነሱ ዓይን ቢታይ ድሎት ነው።

ችግር ግን አይፈለግም

በሌላ በኩል ደግሞ ሰውነትን ማሰቃየት ዒባዳ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቹ ተደግፎ ሲጎተት አዩና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁ። በእግሩ ሊሄድ ነዝር (ስለት) እንዳለበት ነገሯቸው። አላህ የዚህ ሰው ራሱን ማሰቃየት እንደማያስፈልገው አስታውቀው፣ በከብት እንዲቀመጥ አዘዙት። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እናታችን ሰውዳ (ረ.ዐ.) ሰውነታቸው ከባድ ስለነበር ሰዉ ሳይጋፋ ከሙዝደሊፋ ቀድመው እንዲወጡ ፈቅደውላቸዋል። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባመማቸው ጊዜም ከሰዉ ኋላ ሆነው በእንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ነግረዋቸዋል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ የተሰጡት ለደካማ ነው። በመንገድ ላይ ያልፈለግነው ችግር ቢገጥመን አጅር አለው፤ ችግርን ፈልጎ መግዛት ግን አልታዘዝንም። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽም የአላህ ባሮች ሲያወጡ እንደማያባክኑ፣ እንደማይሰስቱም ተገልጿል፤ መንገዳቸው በሁለቱ መካከል ነው። ያው አንድ ክፍያ ለአንዱ ሰው ብክነት፣ ለሌላው የሚገባ ወጪ ሊሆን የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

የደምቢያ ሰው ይህን ከጣና ጀልባ ያውቀዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት ከጎርጎራ ባሕር ዳር ስትመላለስ በነበረችው ጀልባ በከፍተኛው ማዕረግ የተሳፈረም፣ ጓዙ ላይ የተቀመጠም ባሕር ዳር የሚወርዱት አብረው ነበር። ጤነኛው ወጣት በከፈለው ትርፍ ያገኘው ለስላሳ መቀመጫ ነው። ወገቡን የሚያመው አዛውንት ግን በዚያው ገንዘብ ጤናውን ገዝቷል።

ሒሳቡን በሌሊት ቁጠሩት

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በቅርብ ዓመታት ኑሱክ በተባለው የሳዑዲ የኢንተርኔት አገልግሎት ጥቅሉን በየደረጃው እያዩ ይመርጣሉ። ለኛም «ቪአይፒ»፣ «ለሐረም ቅርብ» እየተባለ ሲነገረን ስሙን ትተን የምንገዛውን ነገር እንቁጠር።

ቆይታው 25 ሌሊት ነው እንበል። 8ቱ መዲና ቢሆኑ ለመካ 17 ይቀራሉ። ከዙልሒጃ 8 እስከ 12 ድረስ ደግሞ ሑጃጁ አራት ሌሊት ከሆቴሉ ውጭ ነው፤ ሦስቱን ሚና በድንኳን፣ አንዱን ሙዝደሊፋ። እስከ 13 የሚቆይ አንድ ሌሊት ይጨምራል። ስለዚህ በሆቴሉ የሚታደረው 13 ሌሊት ነው። የእናትና የልጅ ጭማሪ 130 ሺህ ብር ለ13 ሲካፈል በሌሊት 10 ሺህ ብር ይመጣል። ጥያቄው እንግዲህ «ለአንድ ሌሊት 10 ሺህ ብር የምንከፍለው ለምን ጥቅም ነው?» የሚል ይሆናል።

የሐጅ ዋናዎቹ ቀናት ሲደርሱ ውዱ ክፍል ባዶውን ያድራል። በሙዝደሊፋ ሚሊየነሩም ምስኪኑም ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት። ሰፋና መርዋ መካከል ያለው ርቀት 450 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሲኬድ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የሆቴሉ ቅርበት ከዚህ አንዲት እርምጃ አይቀንስም። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህን የሚያቃልለው ተሽከርካሪ ወንበርና የሚገፋው ሰው ነው። ጠጠር ለመወርወርም ከድንኳን እስከ ጀመራት ያለው መንገድ አለ፤ መሄድ ለማይችል ሰው በውክልና መወርወር እንደሚቻል ዑለማዎች ገልጸዋል።

በመሆኑም ከመክፈላችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ። ሆቴሉ «ቅርብ ነው» ሲባል ለአዛውንት የስንት ደቂቃ መንገድ ነው? ዳገት አለው ወይ? መደበኛው ማረፊያ ከራቀ፣ ሰው በሚበዛበት ጊዜ አውቶቡስ ይሠራል ወይ? ሊፍቱ ለስንት ሰው ነው? የሚናው ድንኳን የት ነው? ጭማሪውን የተቀበለው አካል በስሙና በማኅተሙ ደረሰኝ ይሰጣል? የተገባልን ቃልስ በጽሑፍ ሰፍሯል? መልሱ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

የሙቀቱን ነገርም አንዘንጋ። በ1445 ሒጅራ ሐጅ፣ ማለትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ በላይ ደርሶ ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች አኼራ ሄደዋል። አላህ ይዘንላቸው። የሳዑዲ ባለሥልጣናት እንደገለጹት ከነዚህ 83 በመቶ የሚሆኑት ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱ፣ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ሕጋዊ ምዝገባ፣ ጥላና ውሃ ከማንኛውም የሆቴል ኮከብ እንደሚቀድሙ ነው። ለአዛውንት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ አጭር መንገድ መሄድ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ከሐረም ከራቅን የሰላቱ አጅር ያመልጠናል» ብለው የሚጨነቁም አሉ። ብዙ ዑለማዎች የተባዛው አጅር በመላው የሐረም ክልል እንደሆነ ይናገራሉ፤ በመስጊዱ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ዐዚዝያ ያረፈ ሰው ያለው በሐረም ክልል ውስጥ ነው። ደካማዋ እናት በሠፈሩ መስጊድ ወይም በክፍላቸው ሰግደው ኃይላቸውን ለጠዋፍ ቢያቆዩ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም።

የሰው ሐቅና የሰው ወሬ

አሁን ወደ ባለቤታቸው ቃል እንመለስ። የገበሬው ሽምብራ ተወስዶ፣ ተሽጦ፣ ዋጋው ገና አልተከፈለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሸሂድ እንኳ ከዕዳ በስተቀር ኃጢአቱ ሁሉ እንደሚማር አስተምረዋል። ነፍሱን ለአላህ የሰጠ ሰው ዕዳው ከጠበቀው፣ በሰው ገንዘብ ለስላሳ አልጋ የተከራየ ምን ሊመልስ ነው?

ቀነ ቀጠሮው የደረሰ ዕዳ ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ይክፈል፤ ካልቻለም ባለገንዘቦቹን ፊት ለፊት አግኝቶ ያስፈቅድ። እሺ ብለው ጊዜ ከሰጡት ይሂድ። ነገር ግን እነሱ የታገሡት ለሐጁ ብለው ነው፤ ለሆቴል ጭማሪ ብለው አልታገሡም። ለዘር የሚሆን ገንዘብ አጥቶ የሚጠብቅ ገበሬ ባለበት ጭማሪውን መክፈል የሱን ትዕግሥት መብላት ነው።

ስለ ወሬም እንናገር። ሐጅ የሄደ ሰው ሲመለስ «የት አረፋችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንዱ ጭማሪውን የሚከፍለው ለዚች ጥያቄ መልስ ነው። ራሳችንን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ፦ ማንም እንደማያውቅልን ብናረጋግጥ እንከፍለው ነበር? የማንከፍለው ከሆነ የገዛነው የሰው አፍ ነው። ሥራን የሚያበላሸው ሪያእ ደግሞ እንዲህ ባለ ቀዳዳ ነው የሚገባው።

እናትን ማን ጠየቃቸው?

ባልና ሚስት ሲከራከሩ ያልተጠየቁት እናት ናቸው። ምናልባት እሳቸው ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ከሚዘጋባቸው፣ ከአገራቸው ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ማደርን ይመርጡ ይሆናል። ሌሊት ደግፎ ውዱእ ቦታ የሚያደርሳቸው፣ በአማርኛ የሚያጫውታቸው ሰው ያገኛሉ። ወይም ደግሞ በሴቶች ክፍል ልጃቸው ገብቶ ሊረዳቸው ስለማይችል ከሱ ጋር መሆንን ይሹ ይሆናል። ቢሩል ዋሊደይን ማለት ውድ ነገር መግዛት ብቻ አይደለም፤ ፍላጎታቸውን ጠይቆ መፈጸም ነው።

እንግዲህ ለዚህ ቤተሰብና ለመሰሎቻቸው የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የገበሬዎቹ ዕዳ ይከፈል፤ ይህ አከራካሪ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሚገፋው ሰው፣ ለመድኃኒትና ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ይለይ። ሦስተኛ፣ የቤተሰቡ ቀለብና የልጆቹ ትምህርት ወጪ በቤት ይቀመጥ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ፣ ሆቴሉም በእርግጥ መንገድ የሚያሳጥር ከሆነ፣ እናትም ከፈለጉት ይክፈሉ፤ ብክነት አይባልም፣ ኢንሻአላህ ለእናት የተደረገ በጎ ሥራ ሆኖ ይጻፍላቸዋል። ካልተረፈ ግን በመደበኛው ማረፊያ በሙሉ ልብ ይሂዱ። ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ያንን ብር አንድ የቲም ቢያስተምርበት ወይም የጎረቤቱን ችግር ቢያቃልልበት ይበልጥለታል ብለን እንመክራለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ለናፈቁት ሁሉ ቤቱን ይወፍቃቸው፤ የሄዱትን ሐጃቸውን መብሩር ያድርግላቸው፤ ዕዳ ያለብንን ዕዳችንን ያቅልልልን፤ ለወላጆቻችን ዐፍያ ይስጥልን፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።