የመድኃኒት ሱስ በአንጎል ላይ የሚተወው ምልክት
(በማኅበራችን ጸሐፊ በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውኃም ስለ ጥበቃ ደመወዝም አይደለም። በየብሎኩ ደረጃ ላይ ባዶ የትራማዶል ማሸጊያ ማየት ከጀመርን ሰንብተናል። የማን ልጅ እንደሚወስደው በሹክሹክታ እንባባላለን። «እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግቢውን ይልቀቅልን» የሚል ሐሳብም ለኮሚቴው ቀርቧል። ከመወሰናችን በፊት ነገሩን እንወቀው ብለን ሐኪም ጠይቀን፣ የተማሩ ልጆቻችንንም አስነብበን የተረዳነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

ትራማዶል ሐኪም ሲያዘው ሕመም የሚያስታግስ ደህና መድኃኒት ነው። ወገኑ ግን ከሞርፊንና ከሔሮይን ነው፤ ስለዚህም ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ከልክ ሲያልፍ ሰውን አንቀጥቅጦ ይጥላል፣ ትንፋሽ ያዘገያል፤ ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ትራማዶል ጉበት ውስጥ ሲደርስ ወደ በረታ ነገር ይለወጣል። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ ይህን ሥራ የሚመራው ዘረመል ከመቶ 29 ያህሉ ላይ ተደራርቦ አግኝተውታል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ መድኃኒቱ ይበረታል። እንግዲህ ጓደኛው ችሎ የዋጠው ፍሬ የእኛን ልጅ ሊጥለው ይችላል ማለት ነው።

ይህ አብሮን የተወለደ ነው። ሱስ ራሱ በኋላ የሚያመጣው ሌላ ለውጥ አለ፤ ሊቃውንቱ ኤፒጀኔቲክስ ይሉታል። በሕዋሳችን ውስጥ ረጅም የዘር ክር አለ። እናቶች ፈትላቸውን በልቃቂት እንደሚጠቀልሉት ሁሉ፣ ይህም ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠብቆ የተጠቀለለው ክፍል ዝም ይላል፤ የላላው ሥራ ይሠራል። ክሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው አጠቃለሉ ነው።

በኒውዮርክ፣ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስሚን ኸርድ የተባሉ ሴት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ሔሮይን ሲወስዱ ኖረው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙ። ደስታንና ልማድን በሚመራው የአንጎል ክፍል ክሩ ከወትሮው በላይ የላላበት ቦታ አገኙ። በተለይም የአንጎል ሕዋሶች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበትን ሥርዓት የሚመሩ ዘረመሎች ተነክተዋል። ሔሮይን የተወሰደበት ዓመት በበዛ ቁጥርም ለውጡ በዝቶ ታይቷል።

ጥናቱ የሔሮይን ቢሆንም ለእኛ ትምህርት አለው። ልጁ «በማርያም ትቻለሁ» ብሎ ምሎ በሳምንቱ ሲመለስ ውሸታም እንለዋለን። ሲምል ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ መሐላው ግን አንጎሉ ላይ የቀረውን ምልክት አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር ስለሚከፋ፣ ደብቆ ማቆየት ልጁን መጉዳት ነው። ሦስተኛ፣ ምልክቱ የማይነካ አይደለም። እነዚሁ ሊቃውንት ያን ምልክት የሚጋርድ መድኃኒት ለአይጦች ቢሰጡ፣ አይጦቹ ሔሮይን መፈለጋቸው ቀንሷል። ይህ ለሰው ገና አልደረሰም፤ የሱስ ሕክምና ግን ዛሬም አለ።

ቤተሰቡን ብናባርር ልጁ ሱሱን ይዞ ሌላ ግቢ ይገባል፤ ሻጩ ግን እዚሁ ይቀራል። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል፦

1ኛ/ በዚህ ምክንያት ማንም ቤተሰብ ግቢ ልቀቅ እንዳይባል።

2ኛ/ ልጁ የተያዘበት ቤተሰብ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለእኛ የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ይቀርበናል፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። ብቻውን መሄድ ለከበደው ማኅበሩ ሰው ይመድባል። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ። ቤት ዘግቶ በድንገት ማስቆም አደጋ አለውና ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግ።

3ኛ/ ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ስታዩ በጎኑ አስተኙት፤ ወተትም ሆነ ውኃ አታጠጡት፤ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ። ትቶ የከረመ ሰው በድሮው መጠን ቢመለስ ሊሞት እንደሚችልም አትርሱ።

4ኛ/ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ሲገኝ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 እንዲነገር።

ውድ ነዋሪዎች፤ አሁን ሐሳቡ ለድምፅ ይቀርባል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ የምትቃወሙም ተነስታችሁ በግልጽ ተናገሩ። ደረጃ ላይ መንሾካሾኩ ግን ይብቃን።